በእርሳስ ብቻ

አባቴን ጋዜጣ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ወንፊት» ነው የሚሉት። ሥራውን ለሰው ስናገር የማሾፍ ይመስላቸዋል። በየሳምንቱ የጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚወጣውን ከባዱን ሱዶኩ፣ ከመታተሙ በፊት ቁጭ ብሎ የሚፈትሽ ሰው ነው። የሚያዘጋጀው አንድ የሒሳብ መምህር ነው፤ የሚያበጥረው አባቴ። የሚያረጋግጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መልሱ አንድና አንድ ብቻ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ እዚያ መልስ ላይ ያለ ግምት፣ በማሰብ ብቻ መድረስ መቻሉን። አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሰርዞ ይመልሰዋል። የገጹ አዘጋጅ አንድ ጊዜ ተሳስቶ «ይህን እኮ ኮምፒውተር ባንድ አፍታ ይጨርስልን ነበር» ቢለው፣ አባቴ ክረምቱን ሙሉ አኩርፎት ከረመ።

ሱዶኩን ለማታውቁ ላስረዳ። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነ ሰንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ አግድም ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ቁልቁል ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ሳይደገሙ መግባት አለባቸው። ጥቂቶቹ ተሞልተው ይሰጣችኋል፤ የቀረውን እናንተ ትሞላላችሁ። ቀላሉን ማንም ሰው ሻይ እየጠጣ ይጨርሰዋል። ከባዱ ግን ሌላ ጉድ ነው። የተሰጡት ቁጥሮች ከማነሳቸው የተነሳ የት ጀምሬ የት ልግባ ያሰኛል።

አባቴ የሚጀምረው በእርሳስ ነው። በእያንዳንዱ ባዶ ቤት ጥግ ላይ፣ እዚያ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በሙሉ የጉንዳን እግር በሚያክል ጽሑፍ ይደረድራቸዋል። ከዚያ መፋቅ ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ቤቶች ያንኑ ሁለት ቁጥር ብቻ ከያዙ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የእነሱ ናቸው፤ ከሌሎቹ የረድፉ ቤቶች ይፋቃሉ። አንድ ቁጥር በሁለት ረድፎች ውስጥ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ሁለት ቤቶች ብቻ መግባት የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ አራቱን በማዕዘን ያገናኛቸውና ያንን ቁጥር ከሁለቱ ዓምዶች ሌላ ቦታ ሁሉ ያባርረዋል። እንዲህ እያለ ይፍቃል፣ ያስባል፣ ይፍቃል። ደረት ኪሱ ላይ የሰካትን እስክሪብቶ የሚያወጣው በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ሲቀር ነው። በእስክሪብቶ የጻፈውን ሲሰርዝ በዕድሜዬ አላየሁም።

ልጅ እያለሁ አስተምሮኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቤት ሁለት ቁጥር ይዞ ከቀረልኝ፣ አንዱን እመርጥና እጋልባለሁ። ከተጋጨብኝ ተመልሼ ሌላውን እጽፋለሁ። አንድ ቀን እሱ ገና ሲፍቅ እኔ ጨረስኩ፤ መልሱም ልክ ነበር። ወረቀቱን አነሳው፣ አገላብጦ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «አገኘሽው እንጂ አልፈታሽውም» አለኝ። ይኸው ዛሬ የራሴን ፀጉር ቤት ከፍቼ፣ ወንበሮቼ በደንበኛ ተሞልተው እየዋሉ እንኳ፣ ያቺ ንግግር አንዳንዴ ትዝ ስትለኝ መቀሴን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

እናቴ ደግሞ ሱዶኩውን «ጣውንቴ» ነው የምትለው። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት አደረች? አስቸገረችህ እንዴ?» እያለች ታበሽቀዋለች። እሷ ላውንደሪ አላት። ደንበኛ ምን እንደፈሰሰበት የማያውቀውን እድፍ ይዞ ሲመጣ፣ አትጠይቅም፣ አታሰላስልም። ከልብሱ የውስጥ ጠርዝ ላይ አንዱን ፈሳሽ ጠብ ታደርግና ታያለች፤ እምቢ ካላት ሌላውን። አባቴ ይህን ሲያይ ይዘገንነዋል። «መጀመሪያ ምን እንደሆነ አታጣሪም?» ሲላት፣ «ሳጣራ እኮ ይደርቃል» ትለዋለች። እኔ በእናቴ እንደወጣሁ የሚያውቁን ሁሉ ይመሰክራሉ።

እናቴን ሕመሙ የጀመራት በደረቅ ሳል ነው። የላውንደሪው እንፋሎት ነው አልን። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ከዚያ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሆስፒታል ስናስገባት በራጁ ላይ ሳንባዋ ጉም የለበሰ የመኪና መስታወት ይመስል ነበር። አባቴ ራጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ሲያየው፣ የሆነ ቦታ ላይ ቁጥር የሚፈልግ እንጂ የሚስቱን ደረት የሚያይ አይመስልም ነበር። በወቅቱ አበሸቀኝ። አሁን ሳስበው፣ ሌላ ማየት አያውቅም።

የምታክማት ዶክተር ወጣት ናት፤ ዓይኗ በድካም የቀላ፣ ንግግሯ ግን የረጋ። አንድ ቀን አባቴንና እኔን ሁለት ወንበር ብቻ ወደምትይዝ ክፍሏ ጠራችን። እሷ ቆማ ነው ያናገረችን።

«አባት፣ የተለመዱትን ኢንፌክሽኖች በሙሉ መርምረናል፤ መድኃኒትም ሰጥተን አይተናል፤ ንቅንቅ አላለም» አለች። «አሁን የቀረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የሰውነቷ መከላከያ ራሱ ተሳስቶ የገዛ ሳንባዋን እያጠቃ ነው። ሁለተኛው፣ እምብዛም የማያጋጥም፣ በምርመራ በቀላሉ የማይያዝ ኢንፌክሽን ነው።»

«መድኃኒት የላቸውም?»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው። ለመጀመሪያው የምንሰጠው የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም ኃይለኛ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ያድናታል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ለኢንፌክሽኑ በር ከፍተን ግባ እንዳልነው ነው።»

«ይገድላታል ማለት ነው?»

«ሊገድላት ይችላል።»

አባቴ ወደ ፊት ሳብ አለ። «የቱ ነው ታዲያ?»

«ሁላችንም ወደ መጀመሪያው እናደላለን። ግን እርግጠኛ አይደለንም።»

«እንግዲያው ገና እርሳስ ነው» አለ አባቴ።

ዶክተሯ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። «አልተረጋገጠም ማለቱ ነው» አልኳት።

«ማረጋገጫው ከሳንባዋ ትንሽ ናሙና ቆርጦ መውሰድ ነበር» አለች። «አሁን ባለችበት ሁኔታ ግን ከማደንዘዣው አትነቃም። እኔ የምለው፣ ይፈርሙልንና ዛሬውኑ መድኃኒቱን እንጀምር።»

«ሌላ ምርመራ የለም?»

«አለ። ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ቁርጡን ይነግረናል ብዬም ተስፋ አላደርግም።»

«እሱ ይሠራ» አለ አባቴ። «ሁሉም ይሠራና አንዱ ሲቀር እፈርማለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ያን ዕለት አፌን ያዝኩ። ሊገድላት ይችላል የምትለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። ምናልባት አባቴ ልክ ነው፣ ምናልባት አንዱ ምርመራ ይነግረናል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልጋዋ አጠገብ ተተከለ። ጭኑ ላይ ወረቀት መቆንጠጫ ያላት ሰሌዳው፣ ሰሌዳው ላይ የሳምንቱ ሱዶኩ። የጋዜጣው ልዩ ዕትም ሊወጣ ስለነበር መምህሩ እስከ ዛሬ ካዘጋጃቸው ሁሉ የከፋውን ነበር የላከለት። አዘጋጁ ስልክ ይደውላል፤ አባቴ «ገና ነው፣ መንገዱን አላገኘሁትም» ይለዋል። የእናቴ ትንፋሽ በማስኩ ውስጥ ሲፍ ሲፍ ይላል፤ የአባቴ ላጲስ ወረቀቱ ላይ ትር ትር ትላለች። ደንበኞቼን ለረዳቴ ትቼ ስመጣ ሁለቱን እንዲሁ ነው የማገኛቸው። አንጀቴን ይበላኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያንን ወረቀት ቀምቼ ልቅደደው ልቅደደው ይለኛል።

የምርመራ ውጤት አንድ አንድ እያለ መጣ። «አልተገኘም።» አባቴ ፊቱ ፈካ ይላል። «አንድ ተፋቀ» ይለኛል በሹክሹክታ። ሌላው መጣ፤ «አልተገኘም»፤ እንደገና ይፈካል። በኋላ ዶክተሯ ነገሩ ሲገባት ዘወር አድርጋ አነጋገረችው። «አባት፣ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ይኼ ኢንፌክሽን ይደበቃል። ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው።» አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ተመልሶ ግን «አንድ ምርመራ ይቀራል» አለኝ። ከሁለቱ አንዱም እንዳልተፋቀ እኔ ገብቶኛል፤ በሕይወቱ ሙሉ ሲፍቅ የኖረው ሰውዬ ግን ሊገባው አልቻለም።

እናቴ በየቀኑ እየወረደች ሄደች። የኦክስጅኑን መጠን ከፍ ሲያደርጉ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከፍ ሲያደርጉ እያየሁ ነበር። አንዳንዴ ትነቃለች፣ ታየናለች፣ መልሳ ትጠፋለች። የምትሰማን አይመስለንም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ እዚያው አልጋው አጠገብ መጥታ ቆመች። «አባት፣ ይህን የምለው ላስፈራራዎት አይደለም» አለች። «ሳንባዋ ጠባሳ እየሆነ ነው። ጠባሳ የሆነውን ምንም መድኃኒት አይመልሰውም። በቆየን ቁጥር የምናድነው ነገር እያነሰ ነው የሚሄደው። እባክዎን ይፈርሙ።»

«የመጨረሻው ምርመራ ይምጣና» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ።

ዶክተሯ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ይህን ጊዜ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ቀጥታ አባቴን አየችው፤ ከማስኩ ሥር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አባቴ ሰሌዳውን ጥሎ ብድግ አለ። «ምን? ውኃ? ውኃ ነው?» ማስኩን ፈቀቅ አድርጎ ጥጥ በውኃ አራሰና ከንፈሯን ነካካው። እሷ ፊቷን ዘወር አደረገች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ከንፈሯን እንደገና አንቀሳቀሰች። እሱም እንደገና ጥጡን አራሰ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከጥጉ አንድ ዘለላ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

«ጠምቷት ነበር» አለኝ። አንድ ነገር ስለገባው ደስ ብሎት ነበር።

እኔ ግን ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ክንዱን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት።

«አባዬ፣ ፈርም።»

«በምን አውቄ?»

«ሳታውቅ! ዶክተሯስ መች አወቀች? ወደዚያ ያደላል አለችህ እኮ!»

«በግምት ልፈርም?»

«አዎ፣ በግምት!»

«ፀጉር አይደለም እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሕመምተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ዞረው አዩን። «አንቺ ተሳስተሽ ብትቆርጪ ያድጋል! ይኼ ቢቆረጥ ያድጋል?»

ቆሽቴ አረረ። መናገር የማይገባኝን ሁሉ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳይ ግን ተውኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በእጄ ፈርሜ ብትሞትስ?» አለኝ።

«ሳትፈርም ብትሞትስ?»

«ያኔ…» አለና ቆመ። «ያኔ እኔ አልጻፍኩትም።»

እንዲህ ነበር ለካ ነገሩ። እኔ ግትርነት ነው እያልኩ ስናደድበት የከረምኩት ነገር ፍርሃት ነበር። የገዛ እጁን ፈርቶ ነው ወንበሩ ላይ የተጣበቀው። አሳዘነኝ፤ አሳዘነኝና ጭራሽ ባሰብኝ፤ ምክንያቱም እሱ እጁን ሲያድን እሷ እያለቀች ነበር። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ያንን ሰሌዳ አነሳሁና ደረጃውን ወረድኩ። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ልከተው ነበር ሐሳቤ።

ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥኩና ወረቀቱን ከመጣሌ በፊት አየሁት። ከመፋቁ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ግማሹ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፤ በቀሩት ቤቶች ሁሉ ግን ሁለት ሁለት ትናንሽ ቁጥሮች በእርሳስ ተቀምጠዋል። ሁለትና ሰባት፣ ሰባትና አራት፣ አራትና ሁለት። ይህን ይዞ ነው መንገዱን አላገኘሁትም እያለ የከረመው። ቆይ እኔ ላሳየው አልኩ፤ እልህ ያዘኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ የሚጽፍ ነገር ብፈልግ የቅንድብ እርሳስ አገኘሁ። አንዱን ቤት መረጥኩና ሁለት ነው አልኩ። እሱ ሁለት ከሆነ ከማዶ ያለው ሰባት ይሆናል፤ ያ ሰባት ከሆነ ከሥሩ ያለው አራት ነው። አንዱ አንዱን እየጎተተ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ሄደ። በረድፍም፣ በዓምድም፣ በሳጥንም አንድ የተጋጨ የለም። አበቃ! ብድግ አልኩ። ወጥቼ አፍንጫው ሥር ልዘረጋለት ነበር።

ደረጃው ጋ ስደርስ ያቺ የድሮ ንግግሩ መጣችብኝ። አገኘሽው እንጂ አልፈታሽውም ይለኛል። እንዳይለኝ ከፈለግኩ ሌላኛው መንገድ እንደማይሄድ ማሳየት አለብኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በከንፈር እርሳስ፣ በቀዩ፣ ያንኑ ቤት ሰባት አልኩትና የሚጋጭበትን ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ሰባት ከሆነ ከማዶ ያለው ሁለት ይሆናል። ከሥሩ ያለው ደግሞ… እየሄድኩ፣ አሁን ይጋጫል፣ አሁን ይጋጫል እያልኩ፣ የመጨረሻው ቤት ደረስኩ። አልተጋጨም።

ጥቁሩም ይሄዳል፤ ቀዩም ይሄዳል። ሱዶኩው ሁለት መልስ ነበረው።

በሌላ ቀን ቢሆን አባቴ ይህን ገና ከሩቅ አይቶ ነው ሰርዞ የሚመልሰው። የቀሩት ቤቶች በሙሉ ሁለት ሁለት ቁጥር ይዘው፣ እያንዳንዱም ቁጥር በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየሳጥኑ ሁለት ሁለት ቦታ ከቀረ፣ መልሱ አንድ እንዳልሆነ እወቂ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ወንፊት ያስባለው ይኼው ነው። ይህን ነው እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ቀን ከቀን እያፈጠጠበት ያላየው።

ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘሁት። ምንም ሳልናገር ወረቀቱን ሰጠሁት። ጥቁሩን በጣቱ ተከተለው። ቀዩን ተከተለው። ከዚያ ጥቁሩን እንደገና።

«ሁለቱም ይሄዳሉ» አለ።

«ይሄዳሉ።»

«እንዴት አላየሁትም?» አለ፤ እኔን አልነበረም የጠየቀው። «ላየው አልፈለግኩም» አለ በመጨረሻ። «መንገድ አለው፣ እኔ ነኝ ያጣሁት ማለት ይሻለኝ ነበር።»

«ለመምህሩ ምን ብለህ ነበር የምትልክለት?»

«የተሰጡት ቁጥሮች አይበቁም፣ አንድ ይጨመር ብዬ።»

«የሚጨመረው ቁጥር እማዬ ሳንባ ውስጥ ነው ያለው፣ አባዬ» አልኩት። «ሊያወጡት አይችሉም። ሰምተሃል። አንድም ምርመራ አይጨምርልህም።»

አንገቱን ደፋ። በዚያ ኮሪደር ሰው ሲያልፍ ሰው ሲያገድም፣ አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ደረት ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶዋን አወጣት።

ዶክተሯ ወረቀቱን ስታቀርብለት እጁ እምቢ ብሎት ሁለት ጊዜ ጫፏን አሳርፎ አነሳት። ከዚያ ሙሉ ስሙን ጻፈ። «ሳላውቅ ነው የፈረምኩት» አላት።

«እኛም ሳናውቅ ነው የምንሰጣት፣ አባት» አለችው።

መድኃኒቱ በተጀመረ ማግስት ትኩሳቷ ጨመረ። ያን ቀን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። አባቴ አልተቀመጠም፤ ግድግዳው ጋ ቆሞ ፊቷን ሲያይ ዋለ። እኔን ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር አንቺ ነሽ ያስፈረምሽኝ የሚለኝ ይመስለኛል። አላለኝም። እኔ ግን ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አንድ ነገር ብትሆን የዚህን ሰውዬ ዓይን ዳግም የማየው እንዴት ነው እያልኩ። ከዚያ ትኩሳቱ ቀስ እያለ ወረደ። ወረደና ቀረ። ኦክስጅኑን ዝቅ አደረጉላት። ማስኩን አውጥተው አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አደረጉላት። በሽታዋ ከሁለቱ የመጀመሪያው ነበር።

ዶክተሯ ይህን ስትነግረን ፈገግ ብላ ነበር፤ አዲሱን ራጅ ስታሳየን ግን ፈገግታው ጠፋ። ከሥር በኩል ያለው የሳንባዋ ክፍል ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። አይመለስም። ቤትም ስትገባ ያለ ኦክስጅን መኖር አትችልም።

አባቴ ራጁን ይዞ፣ «ገና ፈርሙ ሲሉኝ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ?» አላት።

ዶክተሯ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሱን። መዋሸት ትችል ነበር። «የተሻለ ይሆን ነበር» አለችው።

አሁን እናቴ ቤቷ ናት። መኝታ ቤት ውስጥ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ረጅሙ ቱቦ የምትሄድበት ሁሉ ይከተላታል። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ትሄዳለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትለቅማለች። ላውንደሪውን አከራይተነዋል፤ እንፋሎት ሁለተኛ አጠገቧ አይደርስም። አባቴ ያንን ሱዶኩ «ሁለት መልስ አለው» ብሎ መለሰው፤ ለልዩ ዕትሙ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የተላኩለት ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። እርሳሱን እንኳ አይቀርጽም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ልሠራላት ሄድኩ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጫት ከኋላዋ ሆኜ አበጥራለሁ፤ ቱቦው በጆሮዋ ዙሪያ ስለሚያልፍ ማበጠሪያዬ እንዳይነካው እየተጠነቀቅኩ። አባቴ ሻይ ይዞላት ገባ።

«ጣውንቴስ?» አለችው። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሀሉ ላይ ማረፍ አለባት። «ድምፅዋ… ጠፋ። ተጣላችሁ እንዴ?»

አባቴ ሻዩን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሊነግራት መሆኑን ከአቀማመጡ አወቅኩ። ተወው ልለው ፈለግኩ፤ አላልኩም።

«ያንቺን ነገር አልፈታሁትም» አላት። «ገመትኩ።»

«እ?»

«ዶክተሯ ገና በጊዜ ፈርም ብላኝ ነበር። እኔ ካላረጋገጥኩ ብዬ ቆየሁ። ይኼ ቱቦ…» አለና በጣቱ አመለከተው፤ ሊነካው አልደፈረም። «ይኼ ቱቦ እኔ የቆየሁበት ነው። መድኃኒቱ አይደለም እንዲህ ያደረገሽ፣ በሽታውም ብቻ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ማበጠሪያዬ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። ፊቷን ማየት አልችልም ነበር፤ የማየው የአባቴን ነው። ማሽኑ አጉረመረመ። እናቴ ትንፋሽ ወሰደች፤ ለንግግር እስኪበቃት ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አለች። «እላዬ ላይ ቆማችሁ… አልነበር የምትነጋገሩት። ሰምቻለሁ።»

አባቴ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ያን ቀን… ጥጥ አርሰህ ከንፈሬን ስትነካካኝ። ትዝ ይልሃል?»

«ጠምቶሽ ነበር» አለ አባቴ።

«አልጠማኝም» አለች። እንደገና ትንፋሿን ጠበቀች። እጇን ዘርግታ የአባቴን እጅ፣ የሚጽፍበትን፣ ያዘችው። «ፈርም ነበር የምልህ።»